እመት እርማት

«ግቢው ውስጥ ካየኸኝ አታውቀኝም። እኔም አላውቅህም። ተግባባን?» አለችው እህቱ፣ የፀጉር ማስያዣዋን በጥርሷ ነክሳ መስታወቱ ፊት እንደቆመች። እሱ የሥራ ሱሪውን እየለበሰ ነበር፤ አንድ እግሩን አስገብቶ በሌላው እንደቆመ ቀረ። እናታቸው ጓዳ ውስጥ የእህቱን ምሳ እየቋጠረች ስለነበር አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፣ ለዚህስ አቻ የላትም። «እሺ» አለ። ሌላ ምን ይላል? በዚህ ቤት እህቱ ከተናገረች በኋላ የሚጨመር ነገር ቢኖር አራት ነጥብ ብቻ ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ውስጠኛው የእህቱ ነው። ሳሎኑን እሱና እናቱ ይካፈሉታል፤ እናቱ አልጋው ላይ፣ እሱ እግሩን አጥፎ ሶፋው ላይ። ይህ እንዲሆን ማንም አልፈረደም፣ ማንም አልተከራከረም። እሱ ከአስረኛ ክፍል ወዲያ ከደብተር ጋር ተኳርፎ ቀለም ቀቢ ሆነ፤ እሷ ደግሞ ከእናቷ ሆድ ደብተር ይዛ የወጣች ይመስል ተምራ አስተማሪ ሆነች። እናታቸው የገዛ ልጇን በስም መጥራት ከተወች ቆይታለች፤ «መምህርቷ በልታለች?» «መምህርቷ ተኝታለች፣ ቀስ በል» ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፊደል ያልያዘለትን ልጅ ጎትቶ የሚያመጣው ወደ እሷ ነው። እሷም ሰው ስትሰማ ጆሮዋ አያርፍም። «ሕፃናቶቹ እኮ ግድግዳውን አበላሹብኝ» ብሎ ወሬ ከጀመረ፣ ወሬው እዚያው ይቆማል። ጣቷን ታነሳለች፣ አንድ ቅንድቧ ይከተላል፦ «ሕፃናት። ሕፃናቶች አይባልም። እንደገና።» እሱም የሠላሳ ዓመት ሰው፣ ጺሙ ላይ የስቱኮ ዱቄት እንደያዘ፣ እንደገና ይላል።

ስለዚህ ኮንትራክተሩ ደውሎ «የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል፣ ኮሪደርና የመማሪያ ክፍል ቀለም አለልህ» ሲለውና የእህቱ ትምህርት ቤት መሆኑ ሲታወቅ፣ ደስ ያለችው እናቱ ብቻ ነበረች። እህቱ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላለችም። ዛሬ ጠዋት ያለችውን አለች። ቂሙን እንደ መሰላሉ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወጣ። መንገድ ላይ እሷ ከፊት ራቅ ብላ ትሄዳለች፣ እሱ ከኋላ፤ ጫማዋ የተወለወለ፣ ቦርሳዋ ብብቷ ሥር። ገባኝ፣ አለ በሆዱ። ወንድሟ ቀለም የተረጨበት ሱሪ ለብሶ ባልደረቦቿ ፊት «እህቴ» እንዲላት አትፈልግም። ደሞዟን እኮ፣ የአንድ ባልዲ ቀለም ዋጋ ሲሶውን ይውጠዋል! ይህንንም ቢነግራት «ሲሶ አይደለም፣ ሩብ ነው» ብላ እንደምታርመው ያውቃል።

የመምህራኑ ክፍል ጠባብና ረጅም ነበር። መሃሉ ላይ ሰም የተቀባ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የሻይ ፔርሙስ፣ ጣሪያው ሥር ዝናብ የሳለው ቡናማ ካርታ። ወንበሮቹን ወደ መሃል ሲሰበስብ ከየወንበሩ ጀርባ ላይ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎ አየ። የእህቱን ስም ፈለገ። የለም። ምናልባት ሌላ ክፍል ተሰጥቷት ይሆናል፣ አለ፤ እሷ መቼም ከሰው ጋር መጋፋት አትወድም። ቁም ሣጥኑን በላስቲክ ሸፍኖ ስቱኮውን መለሰን ሲጀምር አንድ ሰው «ጌታው፣ እንዲህ ያለ ግድግዳ ፊት ሻይ ሳይጠጡ አይቆምም!» እያለ ገባ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነበር። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። በእጁ ሻይ ቀድቶ እስከ መሰላሉ ድረስ አመጣለት። ስሙን፣ የት እንደሚኖር፣ ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቀው። ቀለም ቀቢን እንደ ግድግዳው አካል የሚያይ አሠሪ የለመደ ሰው፣ ስሙን የሚጠይቅ ሲያገኝ ልቡ ይከፈታል። የእሱም ተከፈተ።

ረፍት ሲደወል መምህራኑ ገቡ። ጠረጴዛው ስለተሸፈነ ቆመው ኩባያቸውን ያዙ። ወሬው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ አንዷ መምህርት የሚቀጥለው ወር ሰርግ ነበር። ሙሽራዋ «ልብሱን የምንሰፋው ሰዎች ጋ ሄጄ መለኪያዎቼን ሰጠሁ» ስትል ምክትሉ ኩባያውን አስቀመጠ። ጀርባውን ቀጥ አደረገ። የሌለ ቦርሳ ብብቱ ሥር ወሸቀ። ጣቱን ቀስ አድርጎ አነሳ፤ ከዚያ አንድ ቅንድቡ፣ ብቻውን፣ ጣቱን ተከትሎ ወጣ። «እንደሱ አይባልም» አለ በቀጭን፣ በረጋ ድምፅ። «እንደገና።»

መሰላሉ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። ለማስደሰት የተሳቀ ሳቅ አልነበረም። ከሆዱ ግንፍል ብሎ የወጣ፣ ስቱኮውን ከእጁ ያስጣለ፣ የዓመታት ሳቅ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ያቺን ጣትና ያቺን ቅንድብ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ! ሌላ ሰውም እንደሚያውቃት፣ ሌላም ሰው «እንደገና» እንደሚባል ማወቁ ራሱ እፎይታ ነበር። ምክትሉ አድናቂ ሲያገኝ ጊዜ ደገመው። «እመት እርማት እንላታለን። አንተም ግድግዳው ላይ ብሩሹን አጣመህ ብትገኝ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ትመጣብሃለች።» መምህራኑም ሳቁ፣ ግን ወደ ኩባያቸው እያዩ ነበር። እሱ እንባውን በክንዱ ሲጠርግ በሩ ላይ የቆመችውን አየ። እጇ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነበር። ምክትሉን አላየችም። ያየችው መሰላሉን ነበር።

«እንኳን መጣሽ፣ በስምሽ እየማልን ነበር» አለ ምክትሉ። «ወንበር እንኳ የለም፣ ቀለም ነው። ለነገሩ ቀለም ባይኖርም አንቺ መቆም ትወጃለሽ።» ሙሽራዋ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። እህቱ የረሳችውን ነገር ለመውሰድ የመጣች ይመስል ጠረጴዛውን ከሸፈነው ላስቲክ ሥር እጇን ሰደደች፣ ባዶ እጇን መልሳ አወጣች፣ ወጣች። የሻዩ ጣዕም አፉ ውስጥ መረረ። ነገሩ ቀልድ ነው፣ አለ ለራሱ፤ ሰው በሥራ ቦታው ይቀላለዳል። ግን ያ ሁሉ ወንበር፣ የሁሉም ስም፣ የእሷ ብቻ አለመኖሩ ከጭንቅላቱ አልወጣም።

በምሳ ሰዓት ውሃ ሊቀዳ ጓሮ ወረደ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቧንቧው አጠገብ መወልወያ ያጥባሉ፤ ወሬ የሚወዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። «ስትስቅ እዚህ ታች ድረስ ተሰማ፣ ልጄ» አሉት። አስተያየታቸው ምስጋና አልነበረም። ማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ባልዲው እስኪሞላ ድረስ ነገሩት። ባለፈው ዓመት ምክትሉ «ለመምህራኖች በሙሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ያቺ የተሳቀባት መምህርት በዚያ ስታልፍ «ኖች»ን በቀይ ሰርዛ «ን» ጻፈችበት። «ክፋት የላትም እኮ፣ እጇ አላስችል ብሏት ነው። በሕፃን ደብተርም ላይ እንዲሁ ናት።» ከዚያ ቀን ወዲህ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው ክፍል ተሰጣት። ስብሰባ ካለቀ በኋላ ትጠራለች፣ ለምን አልመጣሽም ተብላ ትገሠጻለች። የወንበሯ እግር ተሰበረ ተብሎ ሊጠገን ወጣ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። «ሌሎቹስ?» አላቸው። «ሌሎቹማ በእሷ ሲሳቅ እነሱ ያርፋሉ። ዝናብ ሲዘንብ በሰው ጥላ ሥር እንደመጠለል ነው።» መወልወያውን ጨመቁ። «ምሳዋን እንኳ እዚያ ነው የምትበላው፣ እይልኝ» አሉ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች የሚጣሉበትን የቆርቆሮ መጋዘን በአገጫቸው እያመለከቱ። «በላች ከተባለ። እናቷ ለአሥር ሰው ነው የምትቋጥርላት፣ ለጓደኞችሽ እያለች። የምበላው እኔ ነኝ።»

የመጋዘኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እህቱ አንድ እግር በጎደለው ዴስክ ላይ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች፤ የምሳ ዕቃው ክዳኑ ተከፍቶ አጠገቧ አለ፣ ሩዙ ሳይነካ። አንዱን ደብተር ዘግታ ሌላውን ስትስብ ለአፍታ ቀና አለችና ቆርቆሮውን ግድግዳ አየች፤ ቤት ውስጥ ዓይቶባት የማያውቀው፣ የሰፈር ልጅ ኳሱ ሲቀማ የሚያሳየው ዓይነት ፊት ነበር። መግባት ይችል ነበር። አንድ እርምጃ ነው። ገብቶ ምን ይላታል? ባልዲውን አንስቶ፣ ውሃው ሱሪው ላይ እየፈሰሰ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩን ሲቀባ የሁለተኛ ክፍል በር ክፍት ነበር። የእሷ ክፍል ነው። ድምፅዋን ሰማው፤ ቤት ከሚያውቀው ድምፅ ይልቅ የለሰለሰ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ «የኔ ጌታ፣ የኔ እመቤት» የሚል ድምፅ። ሰሌዳው ላይ «ሕፃናት በግቢው ውስጥ ይጫወታሉ» ብላ ጻፈች። ምክትሉ በኮሪደሩ ሲመጣ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈና ገባ። ልጆቹ ግር ብለው ተነሡ። «ቁጭ በሉ፣ የኔ አንበሶች። ዛሬ ጨዋታ እንጫወታለን። መምህርታችሁ ሰሌዳው ላይ ስህተት ሠርታለች። ማነው የሚያገኘው?» እህቱ ዞራ ሰሌዳውን አየች። ስህተት አልነበረም። እሱ እንኳ፣ ከደብተር የተኳረፈው፣ ስህተት እንደሌለ ያያል። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ስህተት አለ ከተባለ ስህተት ያገኛል። እጆች ወጡ። «ሕ እግሯ አጥሯል!» «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ክፍሉ አጨበጨበ። «አራት ነጥቡ ተጣሟል!» «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ልጆቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ዓይናቸው በደስታ ያበራ ነበር፤ ገና ሊናገር የፈለገው ሁሉ «እኔ! እኔ!» እያለ ከወንበሩ ይነሳል። እህቱ ሰሌዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ጠመኔው በጣቶቿ መካከል ለሁለት ተሰበረ። ሊያጨበጭብ ያልፈለገ አንድ ልጅ ነበር፤ ምክትሉ «አንተስ፣ እጅ የለህም?» ሲለው እሱም አጨበጨበ።

ሮለሩን ባልዲው ላይ ጣለው። በሩ ላይ ሲቆም ሊል ያሰበው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከአፉ የወጣው ግን «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ ክፍል አሁን መቀባት አለበት» የሚል ሆነ። ምክትሉ ተገርሞ ዞረ። «ነገ አይደለም እንዴ?» «ቀለሙ ተበጥብጧል። ካልተቀባ ይደርቅብኛል። ሽታው ደግሞ ለልጆቹ ጥሩ አይደለም፣ ይውጡልኝ።» ልጆቹ ክፍል መዘጋቱን ሲሰሙ እየጮሁ ወደ ግቢ ተበተኑ። እህቱ ደብተሮቹን በደረቷ አቅፋ በአጠገቡ አለፈች። አላመሰገነችውም፣ አላየችውም። ምክትሉ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ «አየህልኝ? ካላቀመስካት አትስተካከልም» አለው በሹክሹክታ፣ እንደ ወዳጅ። ከዚያ ፊቱን አየና «ምነው ጌታው፣ ጠቆርክ?» አለው።

«የቀለሙ ሽታ ነው» አለ ወንድሟ።

ማታ ሥራ ሲያበቃ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስትመጣ አልፋው የምትሄድ መስሎት ነበር፤ አላለፈችም፤ ከጎኑ ሆና መራመድ ጀመረች። የፍራፍሬ መሸጫውን፣ የስልክ ጥገናውን፣ የቆመውን የውሃ መኪና አለፉ።

«እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች ድንገት።

«ምኑን?»

«እኔን። ጣቱን ያነሳል፣ አይደል? ቅንድቡንም?»

«እትዬ፣ ተይው በቃ።»

«እኔን ይመስላል ወይ ነው የምልህ።»

መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን ሳቁን ሰምታዋለች። «አንቺን ይመስላል» አላት።

ራሷን ነቀነቀች፣ የተማሪ መልስ ልክ ሲሆን እንደምታደርገው። ትንሽ ቆይታ «እሱ ግድ የለም» አለች። «እኔም አንዳንዴ በራሴ እስቃለሁ። የልጆቹ ጭብጨባ ነው… እነሱ እኮ የኔ ናቸው።» ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሁለት ጊዜ ሄዳ አመልክታ ነበር። «ምስክር አለሽ?» ብለው መለሷት። ባልደረቦቿን ስትለምን አንዱ ልጆች አሉኝ አላት፣ ሌላዋ ዝውውር ጠይቄያለሁ አለች፣ ሙሽራዋ ደግሞ አለቀሰችላትና በማግስቱ ሰላምታ ከለከለቻት። ይህን ሁሉ ስትነግረው «አንተ ትመሰክርልኛለህ?» አላለችም። አለማለቷ ነው የቆረጠው።

«ጠዋት በእኔ ያፈርሽ መስሎኝ ነበር» አለ።

ቆመች። «በአንተ?» አለች፣ ከልቧ ተገርማ። «አንተ ስናገር ቀጥ ብለህ የምትሰማኝ ሰው ነህ። እንደዚያ የሚሰማኝ አንድ ሰው እንኳ ይትረፈኝ ብዬ ነው።»

ቤት ሲገቡ እናታቸው ሾርባውን አቅርባ ትጠብቃለች። ዳቦውን ቆርሳ ሳትጨርስ ወደ እሱ ዞረች። «እህሳ፣ አየሃት መምህርቷን? እንዴት ነው የሚይዟት?» እህቱ ማንኪያዋን ሳህኑ ውስጥ ታዞራለች። መንገድ ላይ «ለእማዬ እንዳትነግራት» ብላው ነበር። ስለዚህ ጀመረ። በጣም ያከብሯታል፣ አለ። ወንበሯ ጠረጴዛው ራስጌ ነው። ረፍት ላይ ሁሉም ከበው ያወሯታል። የእናቱ ፊት እየበራ ሲሄድ የእሱ ምላስ እየከበደ መጣ፤ እህቱ ማንኪያዋን ማዞር አቆመች። «ምክትሉስ?» አለች እናቱ። «ጥሩ ሰው ነው አሉ። አንድ ቀን ቤታችን ጠርተን ብናመሰግነው እኮ…»

«ውሸቴን ነው፣ እማዬ» አለ።

ከዚያ ነገራት። ወንበሩን፣ መጋዘኑን፣ ሰሌዳውን፣ ጭብጨባውን። እህቱ አንድ ጊዜ «በቃህ» አለችው፤ አልቆመም። የሻይ ረፍቱ ላይ ሲደርስ ሰውየው እንዴት እንዳስመሰላት ተናገረ፤ መምህራኑ እንዴት ወደ ኩባያቸው እያዩ እንደሳቁ ተናገረ። እናቱ ዳቦውን በእጇ እንደያዘች ነበር።

«አንተስ?» አለችው።

ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ። «እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ» አለ። እናቱ ጠበቀች። «ሳቅሁ» አላት። «ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።»

እናታቸው አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። የራስ ሻሿን ፈታች፣ እንደገና አሰረች፣ ከዚያ እሱ እዚያ የሌለ ይመስል ወደ ሴት ልጇ ዞረች። «ምነው ሳትነግሪኝ፣ የኔ ልጅ?» «ለማን ነው የሚነገረው?» አለች እህቱ። «ሰፈሩ ሁሉ ልጁን እኔ ጋ ይልካል። አንቺ መምህርቷ ስትይኝ ምን ልበልሽ?» እናትየው በስሟ ጠራቻት። ከስንት ዓመት በኋላ። እጇን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባቻትና በሩ ተዘጋ።

ሳህኖቹን አነሳ፣ አጠበ፣ ጠረጴዛውን ወለወለ። ከበሩ ወዲያ የእናቱ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ አልፎ አልፎ የእህቱ የአፍንጫ ሳግ። የሚጠራው አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ ኮንትራክተሩ ጋ ደወለ። ከወዲያ መኪና ያጓራል።

«ነገ አልመጣም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምመሰክረው ጉዳይ አለ። በምክትሉ ላይ ነው።»

«ምን? አይሰማም! በማን ላይ?»

«በምክትሉ። አንዷን አስተማሪ እያሰቃያት ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ? ቀለምህን አትቀባም? ማናት እሷ ደግሞ? ጮክ በልና ተናገር!»

በሩን አየ። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ እነሱም እንዳይሰሙ እያንሾካሾከ መሆኑን ያኔ አወቀው። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«እህቴ ናት!» አለ። «እህቴ ናት አልኩህ!»

ከበሩ ወዲያ የነበረው ድምፅ ቆመ። «እንግዲያው ሮለሩን በጠዋት አምጥተህ አስረክበኝ» አለ ኮንትራክተሩ፣ ያለ ቁጣ። «ሰው ልፈልግበት።» ስልኩ ተዘጋ።

እህቱ በሩን ከፍታ ወጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ ተፈቷል። «ምን አለህ?» አለችው።

«ሮለሩን መልስ አለኝ።»

«ሥራውስ?»

«የለም።»

ሶፋው ላይ፣ ከእሱ ራቅ ብላ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ሊያያት ፈልጎ ቀና አለ፣ አልቻለም፤ የቀለም ፍንጣቂ የደረቀበትን ጉልበቱን ማየት ቀለለው።

«የሳቅኸውን አልረሳሁትም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ቶሎም የምረሳው አይመስለኝም። ነገ ግን ሁለት ሰዓት ላይ ሲከፍቱ እንድረስ። ካረፈድን ወረፋው አይደርሰንም።»

«እሺ» አለ።

በሁለቱ መካከል ሶፋው ላይ አንድ ሰው የሚበቃ ክፍት ቦታ ነበር። እናታቸው ከክፍሉ ወጣች፤ ሁለቱንም አየቻቸው፤ መጥታ እዚያ መሃል ተቀመጠች።